ቆራሌው

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ጠዋት ጠዋት የሚሰማው «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ፣ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ተሸራርፎ የመጣ ነው ይባላል። ዛሬ ቃሉ የጥሪውም የጠሪውም ስም ሆኗል። ቆርቆሮ ብቻ ሳይሆን ጠርሙስ፣ ጄሪካን፣ የተበላሸ ሬዲዮ በገንዘብ የሚገዛውን ሰው ቆራሌው እንለዋለን።

ልዋጭ ሌላ ነው። እሱ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ በምትኩ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። ቤቱ በዕቃ ለተጨናነቀ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በልዋጭ ዕቃ ወጥቶ ዕቃ ይገባል፣ በቆራሌው ግን ዕቃ ወጥቶ ብር ይገባል። ስለዚህ እኔ ቆራሌውን አስቀድማለሁ።

ከሚሰበስበው ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል (ይህም ስም «ምን አለሽ?» ከሚል ጥያቄ የወጣ ነው)። እዚያ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ያረጀ ጎማም በረባሶ ጫማ ይወጣዋል። ይህን የሚያስችል ሥራ ስም ለንቀት ሲነገር ስሰማ ያመኛል። ቆራሌው የሚከበር ነጋዴ ነው።

እንግዲህ አልጋ ሥር ለዓመታት የተከማቸ ካለ ጥሪውን ሲሰሙ በር ይክፈቱ። ከመሸጥዎ በፊት ግን ይለዩ፤ መዳብ ከብረት የበለጠ ያወጣል።