ጧሪና ቀባሪ፤ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ የአረጋውያን ቀለብ ታሪክ

በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ዕድር የሚባለው ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል። በወልድያም ሆነ ከዚያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በመርሳ፣ እንዲሁም በሀብሩ ወረዳ ገጠሮች፣ ሰው በሞተ ጊዜ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት ወጥቶ መቃብር ይቆፍራል፤ ኀዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ከቀብሩ በፊት ላሉት የእርጅና ዓመታት ግን እንዲህ ያለ ማኅበር አልተቋቋመም። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ሲመረቅ፣ መቅበሩ የአገር ጉዳይ፣ መጦሩ ግን የልጅ ዕዳ ሆኖ ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጧሪው የታጣ ዕለት አረጋዊው ከየት እንደ በላ መመርመር ነው።

በ1965 ዓ. ም. በወሎ ረኃብ ጊዜ ሕዝቡ ከደጋውና ከአፋር ቆላ ወደ አውራ ጎዳናው ጎረፈ። የኢኮኖሚው ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ. ኤ. አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የረኃቡን ብርታት ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበረ። የጠፋው መግዣው ነው። ይኸው ጸሐፊ ከዘረዘራቸው ችግረኞች መካከል ከአፋር አርብቶ አደሮች ጋር ከገበሬ ቤት የተሰናበቱ ሎሌዎችና ጥገኞች ይገኛሉ። ጎተራው ሲጎድል የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ የሚቀንሰው የገበታውን ሰው ነው ማለት ነው። «ጥገኛ» የሚለው ቃል ስንቱን ሽማግሌና ስንቱን ባልቴት እንደሚሸፍን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም።

በ1966 ዓ. ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከዚያም ወዲህ እርዳታ ሥርዓትና መለኪያ እያገኘ ሄደ። ነገር ግን መለኪያው የሕፃን መለኪያ ነበር። በአገራችን የምግብ ጥናት ባለሙያዎች የተዘጋጀው ፋፋ የታሰበው ጡት ለሚተው ሕፃን ነው። ክብደትን ከቁመት ጋር ማመዛዘንም፣ ክንድን በጥብጣብ መለካትም እንዲሁ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ወሰን የሆነው 11.5 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠው ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ላለው ሕፃን ነው። አረጋዊው ግን ጀርባው ስለሚጎብጥ ቁመቱ በትክክል አይለካም፤ ቁመቱ ካጠረ ደግሞ ክብደቱ ከእውነተኛው ይልቅ የተሻለ መስሎ ይታያል። በዚህም ምክንያት የከሳ ሽማግሌ በወረቀት ላይ ደህና ሰው ሊሆን ይችላል። ሕፃኑን ማስቀደም ስሕተት ነበር ለማለት አልደፍርም፤ አረጋዊውን ጨርሶ አለመለካት ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1977 ዓ. ም. ረኃብ ጊዜ፣ ያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር ከተማ የነበረችው ኮረም በጥቅምት ወር በውጭ አገር ቴሌቪዥን ታይታ ዓለምን አስደነገጠች። ከዚያ በኋላ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ለሰፈራ በተለይ የሚፈለገው ጉልበት ያለው ሰው ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም ተለያየ። ለአረጋዊው ይህ ድርብ ጉዳት ነው፤ ረኃቡ እህሉን ወሰደ፤ ሰፈራው ደግሞ እህል የሚያመርትለትን ልጁን።

በ1997 ዓ. ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አረጋዊውን ለመጀመሪያ ጊዜ በስም የሚያውቅ ክፍል አበጀለት። ጉልበት ያለው በልማት ሥራ ሠርቶ ይቀበላል፤ ሠሪ የሌለበት ቤት ግን ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። ቆይቶም ይህ ድጋፍ ዓመቱን ሙሉ እንዲሰጥ ተወሰነ። ትልቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ሆኖም አረጋዊው አሁንም የሚታወቀው «መሥራት የማይችል» ተብሎ እንጂ በሚያስፈልገው ምግብ አይደለም።

ከዚሁ ጋር መታየት ያለበት የራሽኑ ዓይነት ነው። በእርዳታ የሚሰጠው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ያልተፈጨ እህል፣ ጥቂት ጥራጥሬና ዘይት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት ብቸኛ ባልቴት ይህን ከማደያው ጣቢያ እስከ ቤቷ፣ ከቤቷ እስከ ወፍጮ ማን ይሸከምላታል? የተሸካሚውና የወፍጮው ዋጋ ከዚያው ከእህሉ ይነሣል። ጥርስ ለሌለው ሰው ቆሎና ንፍሮ ምግብ አይሆኑም፤ የሚያስፈልገው አጥሚትና ገንፎ ነው፤ ለዚያም ዱቄት፣ እንጨት፣ ውኃና የሚያማስል እጅ ያሻል። በእርጅና ሰውነት የሚፈልገው ኃይል ቢቀንስም የፕሮቲንና የቪታሚን ፍላጎቱ አይቀንስም፤ ስለዚህ ጥቂት የሚበላ ሰው የተሻለ መብላት ይገባዋል። ከዚህም ላይ አያት ለልጅ ልጅ ከድርሻዋ ቆርሳ መስጠቷ በየቤታችን የምናውቀው ነው፤ በየትኛውም የእደላ መዝገብ ግን አይጻፍም።

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. በጦርነቱ ምክንያት በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየች ጊዜ፣ መብራትና ባንክ ተቋርጦ፣ እርዳታም ቆሞ ነበር። እግር ያለው ወደ ደሴ አቅጣጫ ሸሸ። መራመድ ያልቻለው ከቤቱ ቀረ፤ ጧሪው ከእርሱ ርቆ በመጠለያ፣ እርሱ ደግሞ በባዶ ቤት። መብራት ከሌለ የኤሌክትሪክ ወፍጮ እንደማይፈጭ ልብ ይሏል።

የማኅበራችን አባላት ለምዝገባ ወደ ቀበሌ ሲወጡ ስንቶቻችን የቅሬውን ኃላፊዎች እንጠይቃለን? ማን ልጁ እንደ ሞተበት፣ የማን ልጅ ወደ ዓረብ አገር እንደ ሄደች፣ የማን ቤት ጢስ ካጣ እንደ ሰነበተ እነርሱ ያውቁታል። ለቀብር የተያዘው የአባላት መዝገብ በየሰፈሩ አለ።