የሃምሳ አለቃ ጣሳ

ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንክ ሰፈር ነው። ከኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ቀና ስል የሚታየኝ መስታወት በመስታወት ነው፤ ዘመን፣ ኅብረት፣ ንብ፣ ከነሱ ወዲያ ደግሞ ሁሉንም ቁልቁል የሚያየው የንግድ ባንክ ሕንፃ። ስሙ ግን የቀረለት ከከብት ገበያው ነው።

ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ በወቅቱ ገና ካልፈረሱት የቀበሌ ቤቶች ባንዱ ውስጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ብሎ የሚጠራቸው ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ትክክለኛ ስማቸውን ያወቅኩት በ2013 ባንክ ቤት ወረፋ ይዤላቸው ቅጽ ስሞላ ነው። መስከረም 4 ቀን መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ይቀየራሉ፣ 200 ብርም ይጨመራል ብሎ ሦስት ወር ሰጥቶ ነበር። ለኅትመቱ 3.7 ቢሊዮን ብር እንደወጣ ተነገረ። ሃምሳ አለቃ ደግሞ የኒዶ ጣሳቸውን ይዘው መጡ።

ጣሳው ውስጥ ከሚቀየረው ብር ስር አንድ ሌላ ኖት ነበር፤ የጃንሆይ ምስል ያለበት አሥር ብር። አንስቼ ሳየው «እሱን ተወው፣ እሱ አልፎበታል» አሉኝ።

የዚያ ኖት ቤተሰብ የተወለደው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው። ከነፃነት በኋላ አገሩ ላይ የማርያ ቴሬዛ ጠገራም፣ እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም ይዘዋወር ነበር። ወረቀት ለማያምን ገበሬ ተብሎ የ50 ሳንቲሙ ዲናር ከእውነተኛ ብር ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ኖቶች ላይ የፈረመው የባንኩ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በአማርኛ «ብር» ይላል፣ በእንግሊዝኛ «ዶላር»።

ሃምሳ አለቃ በ1957 ሲቀጠሩ ደመወዛቸው የተከፈላቸው በዚህ ገንዘብ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ጥር 1966፣ ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶባቸው፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም ስላሏቸው አመፁ። ከአዲስ አበባ የተላከላቸውን ጄኔራል አግተው እነሱ የሚበሉትን አበሉት። አመፁ ወደ ሌሎች ጦር ሰፈሮች ተዛመተ፣ የደመወዝ ጥያቄ ተከተለ፣ በመስከረም 1967 ዙፋኑ ወረደ። አብዮቱን ስናወራ ተማሪውን እናስቀድማለን (እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የማወራው)፤ የውሃው ነገር ይረሳል።

ደርግ በ1969 መጀመሪያ የጃንሆይን ምስል ያነሱ ኖቶች አወጣ። ሃምሳ አለቃ ያኔ ኤርትራ ነበሩ። ወሬው ሲደርሳቸው ቀኑ አልፏል። ጣሳው ውስጥ የቀረው አሥር ብር የዚያ ነው።

ኖት በተቀየረ ቁጥር አጠገቡ ወታደር አለ። በ1990 ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ኢትዮጵያም ኖቷን ቀየረች፤ ግንቦት ላይ ባድመ ተነሳ። የ2013ቱ መቀየሪያ ጊዜ ሳያልቅ፣ ጥቅምት 25፣ የትግራይ ጦርነት ተጀመረ። አንዱ ሌላውን አመጣ እያልኩ አይደለም። ግን ሰልፍ ላይ ቆመው ሃምሳ አለቃ «አሁን ደግሞ የት ልንዘምት ነው?» ብለው የሳቁት ከባዶ ተነስተው አልነበረም።

ይህ ሁሉ ግን ጩኸት ያለው ለውጥ ነው። ሬዲዮ ያውጀዋል፣ ሰልፍ አለው። ሃምሳ አለቃን ያስከፈላቸው አሥር ብር ብቻ ነው። ትልቁን የወሰደው ዝም ብሎ የመጣው ነው።

ጡረታ የወጡት በ1979 ነው፤ በወር 124 ብር። ዶላር ያኔ 2.07 ብር ነበር፣ ስለዚህ 60 ዶላር ገደማ ማለት ነው። በ1983 ሠራዊቱ ፈረሰ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ተበተነ፤ ብዙዎቹ የጡረታ ደብተር ሳይሆን የእህል ራሽን ይዘው ወደየመጡበት ተሸኙ። ሃምሳ አለቃ ቀድመው ስለወጡ ተረፉ። «እድለኛ ነኝ» ይሉ ነበር። ከዚያ መስከረም 21 ቀን 1985 ዶላር በአንድ ቀን 5 ብር ገባ። ያው 124 ብር 25 ዶላር ሆነ። ኖቱ አልተቀየረም፣ ሰልፍም አልነበረም። እርግጥ በጥቁር ገበያው ብሩ ከዚያ በፊትም ወድቆ ነበር፣ ሃምሳ አለቃም ዶላር አይገዙም። የሚገዙት ላምባና የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ሁለቱም ግን ከውጭ ነው የሚመጡት።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ የጡረታ ሕጉን እንደ ኮድ አነበብኩት። በአዋጅ 714/2003 ወታደሩ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መንግሥት 25 በመቶ ያዋጡ ነበር። አሥር ዓመት ላገለገለ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት ለወታደር 1.65፣ ለሲቪል 1.25 ይደመር ነበር፤ ጣሪያው 70። 25 ዓመት ያገለገለ ወታደር 54.75 በመቶ ያገኝ ነበር። ንጹሕ ቀመር ነው፣ ደስ ይላል። ግን የጤፍ ዋጋ የሚባል ግቤት የለውም። ጭማሪ የሚመጣው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ፣ ሲመጣ ነው። የተዋጣው ገንዘብ ራሱ ለረጅም ዓመታት በዋናነት የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዛበት ኖሯል፤ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች። ማለት፣ ወታደሩ ጡረታውን ከመብላቱ በፊት ጡረታው ተበልቷል።

ሃምሳ አለቃ በ2015 አረፉ። ሕጉ ለሚስት የሚያወርሰው ግማሹን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ንግድ ባንክ ላይ 57 የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው ከ130 አለፈ። በዚያ ሳምንት እማማን የወር ጡረታቸውን ሊያወጡ ሲሄዱ ሸኘኋቸው። ባንኩ በር ላይ ሰው ሁሉ ስለ ብር ያወራል። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ብሩ ሊቀየር ነው እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ኖቱ ያው ነው።»

«ተመስገን» አሉና ብራቸውን መቁጠር ጀመሩ።