አረቄ የቀመሱ የእንቁራሪት ግልገሎች

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። ዘመኑ በፈረንጆች 1947፣ ባሕሩ ሜዲትራኒያን። ሞሪስ ፋርግ የሚባል የፈረንሳዊው ባሕር አሳሽ የዣክ ኩስቶ ባልደረባ ገመድ ተከትሎ ይጠልቃል። በገመዱ ላይ በየርቀቱ ሰሌዳ ታስሯል፤ የደረሰበት ላይ ምልክቱን ጽፎ መመለስ ነው። ላይ ያሉት «ደኅና ነኝ» የምትለዋን የገመድ ጉተታ ይጠብቃሉ። ጉተታዋ ቀረች። ስበው ሲያወጡት መተንፈሻው ከአፉ ወጥቶ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰውየው አልተረፈም። ጽሑፉ ግን 120 ሜትር ግድም ያለው ሰሌዳ ላይ ተገኘ።

ጠጥቶ አልወረደም። ያሰከረው አየር ነው፤ ይህችው እኔና እናንተ የምንተነፍሳት! ከአምስት እጅ አራቱ ናይትሮጅን ነው፤ እዚህ መሬት ላይ ገብቶ ይወጣል እንጂ ማንንም አይነካም። ውሃ ውስጥ ግን በየ10 ሜትሩ መሬት ላይ ያለውን የሚያክል አንድ የአየር ግፊት ይደረባል፤ ናይትሮጅኑም በዚያው ልክ ወደ ሰውነት ይገፋል። 30 ሜትር ካለፉ በኋላ ጠላቂው ያለ ምክንያት ይስቃል፣ ቀላል ሒሳብ ይጠፋዋል። አሜሪካዊው የባሕር ኃይል ሐኪም አልበርት ቤንኬ ጣቱን ናይትሮጅን ላይ የቀሰረው በ1935 ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነርቭ ሕዋስ በስስ ስብ ተሸፍኗል፤ በስቡ መሐል የፕሮቲን በሮች አሉ፤ ሶዲየምና መሰሎቹ በበሮቹ ሲገቡና ሲወጡ መልእክት ይሮጣል። ናይትሮጅን ደግሞ ስብ ውስጥ መሟሟት ይወዳል። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት «ሽፋኑ ያብጣል፣ በሮቹ ይፈዛሉ» አሉ። የኋለኞቹ ጋዙ የሚሸጎጠው በሮቹ ውስጥ ነው ባይ ናቸው፤ እኔም ወደ እነሱ አደላለሁ።

የእብጠቱን ሐሳብ ያመጣው ግን የእንቁራሪት ግልገሎች ነገር ነው። በ1950 ጆንሰንና ፍላግለር የሚባሉ አሜሪካውያን ገና ጅራታቸው ያልረገፈ የእንቁራሪት ግልገሎችን አልኮል ያለበት ውሃ ውስጥ ከተቱ። ግልገሎቹ ሰክረው ተዘረሩ። ውሃውን ከ100 የአየር ግፊት በላይ ሲጫኑትስ? ተነሥተው ዋኙ! አልኮሉ እዚያው እያለ! ግፊቱ ሲለቀቅ ተመልሰው ሰከሩ። ያበጠውን ሽፋን ግፊቱ ጨምቆት ነው አሉ ሊቃውንቱ።

እንደ አልኮሉ ሁሉ ጋዝም ያፈዛል፣ ግፊት ግን ይቀሰቅሳል ማለት ነው። ይኼን ጠላቂዎቹ በገዛ እጃቸው አዩት። ናይትሮጅንን ሸሽተው ስብ ውስጥ እምብዛም የማይሟሟውን ሂሊየም ተነፈሱ፤ ስካሩ ቀረ። ከ150 ሜትር ወዲያ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሚያፈዛው ሲታጣ ግፊቱ ብቻውን ነርቩን ያቁነጠንጠዋል። ተመራማሪው ፒተር ቤኔት እሾህን በእሾህ አለ፤ ያን ክፉ ናይትሮጅን በጥቂቱ መልሶ ጨመረበት። በ1981 አሜሪካ፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሰዎች በዚህ ድብልቅ የ686 ሜትር ጥልቀት ያህል ግፊት ውስጥ ቆዩ።

ፈረንሳዮቹ ደግሞ ሃይድሮጅንን መረጡ፤ እሱም ያሰክራልና መንቀጥቀጡን ያበርዳል። በ1992 ቴዎ ማቭሮስቶሞስ 701 ሜትር ደረሰ። ባሕር ውስጥ እንዳይመስላችሁ፤ ማርሴይ ከተማ፣ ደረቅ የብረት ክፍል ውስጥ ነው።