ሮቦቷ አማርኛ ስትማር

በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሶፊያ የምትባል ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ በአማርኛ ስትናገር ብዙዎቻችን ፈገግ አልን። የሠራት የሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ቢሆንም፣ በሶፍትዌሯ ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ልጆች እጅ አለበት።

ነገሩ ወደ ሐይቅ ይመልሰኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት ይገለበጡ ነበር። የድሮ ቁም ጸሐፊ የመቃ ብዕሩን የሚቀርጸው ራሱ ነው፤ ለእጁ እንዲመቸው። ብዕሩ ለእጅ ተቀረጸ እንጂ እጅ ለብዕሩ አልተቀረጸም።

ታዲያ ነገ ለአምባሰል ገበሬ ማሽን እንሥራ ቢባል፣ «ምኑ ነው የከበደህ?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? ሳይጠየቅ የመጣ መሣሪያ ዝጎ ጥግ ይይዛል። ሮቦቷ ቋንቋችንን መማሯ ደግ ነው፤ ሠሪዎቿ ደግሞ ችግራችንን ይማሩ።