መሠረት ውስጥ የሚቀር እንጨት

መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ፌሮው ታስሮ፣ አርማታው ተሞልቶ ሲደርቅ ቅርጽ የሰጠው የጣውላ ፎርምወርክ መነቀል አለበት። ጉድጓዱ ሲጠብ ወይም ሥራው ሲጣደፍ ግን ጣውላው ከነሞራሌው እዚያው ይቀርና አፈር ይመለስበታል። በዋግ፣ ለአምደወርቅና ለሰቆጣ ሰው ነገሩ እንግዳ ላይመስለው ይችላል፤ ዋግና ላስታ እንጨትን ከድንጋይ ጋር አዋህዶ የመገንባት ጥበብ ያደገበት አገር ነውና። የጥንቱን ሥራ ቀረብ ብሎ ለመረመረ ሰው ግን የቀደሙት ግንበኞች ልማድ ለዚህ ቸልተኝነት ምስክር አይሆንም፤ እንዲያውም ይቃወመዋል።

ትልቁ ማስረጃ ከዋግ በስተደቡብ፣ ላስታ ውስጥ ዋሻ ሥር የቆመው የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ ከነገሠው የዛግዌ ንጉሥ ነው። በግድግዳው ላይ የተጋደመ ጥቁር እንጨትና ነጭ ልስን የለበሰ ድንጋይ ከታች እስከ ላይ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። ውበቱ ዓይን ይማርካል፤ እንጨቱ ግን ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። ድንጋይና ጭቃ ብቻውን ሸክም ሲበዛበት ወደ ጎን ይነፋል። አግድሙ እንጨት ግድግዳውን እንደ መቀነት ያስረዋል፤ ተሻጋሪው ደግሞ የውስጡንና የውጩን ገጽ ያያይዛል። በደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን የተሻጋሪው ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» ይሉታል። የአክሱም ጠራቢዎች ይህንኑ ቅርጽ በሐውልቶቻቸው ላይ በድንጋይ ቀርጸውታል። እንግዲህ ያ እንጨት እዚያ የቀረው ዕድሜውን ሁሉ ሸክም ስላለበት ነው። ያለውም ከመሬት በላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ነው፤ ሲደክም ይታያል፣ ይጠገናል። ፎርምወርክ ግን አርማታው በጠነከረ ቀን ሥራው ያበቃል።

«ይምርሃነ ክርስቶስ ራሱ ረግረግ ላይ፣ በእንጨት ንጣፍ ላይ ተሠራ ይባል የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ትውፊቱ እንዲያ ይላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በውኃው ላይ ነው። ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የተዘፈቀ እንጨት አየር ስለማያገኝ በቀላሉ አይበሰብስም፤ ቬኒስም የቆመችው በእንዲህ ዓይነት እንጨት ላይ ነው። የዋግ መሬት ግን ክረምት ይርሳል፣ በጋውን ሙሉ ይደርቃል። ለእንጨት ከዚህ የከፋ የለም፤ ያልታከመ ባሕር ዛፍ ሲሆንማ ለሻጋታና ለምስጥ የተዘጋጀ ቀለብ ነው።

«አርማታው ከጠነከረ ምን ይጎዳል?» ለሚለውም፣ አርማታው ላይጎዳ ይችላል፤ የሚጎዳው አጠገቡ ያለው ሙሌት ነው። ጣውላው ሲበሰብስ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ አፈሩ ይሰምጣል፣ በላዩ ያለው ወለል ይሰነጠቃል። ምስጥም በዚያው መንገድ ወደ በርና መስኮት እንጨት ይወጣል። በእርግጥ ጥልቅና ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሠራተኛ አስገብቶ ጣውላ ማስነቀል ነፍስ ሊያስጠፋ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን መተዉ ትክክል ነው። ያንን የሚወስነው ግን መሐንዲሱ ነው፤ የቀረው እንጨት የት እንዳለም በፕላኑ ላይ ይመዝገብ። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ስንፍና ነው። ጽድና ወይራ ከቤተ ክርስቲያን አፀድ ውጭ ብዙ በማይገኝበት አገር፣ ሌላ መሠረት ሊያስሞላ የሚችል ጣውላ መቅበር ደግሞ ብክነት ነው። ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ጣውላ ካለ ይነቀል በሉ።