የምት ስምምነት በተደራራቢ መረቦች፤ ከሁለት ሰዓቶች እስከ ኃይል ማስተላለፊያ መሥመር

ብዙ የሚወዛወዙ ወይም የሚሽከረከሩ ነገሮች እርስ በርሳቸው ተያይዘው በአንድ ምት መሄድ ሲጀምሩ መሐንዲሶች ሁኔታውን ሲንክሮናይዜሽን ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ የምት ስምምነት እንለዋለን። ስለዚህ ስምምነት ሲወራ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በሚስማሙት ነገሮች ላይ ነው። ዳሩ ግን የነገሩ ታሪክ ሲመረመር፣ ስምምነቱን ተሸክሞ የሚያኖረው ወይም የሚያፈርሰው ከበታች ያለ ሌላ መረብ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን በሦስት የታሪክ ምዕራፎች ማሳየት ነው። ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ የሆላንዱ ሊቅ የክርስቲያን ሁይገንስ ነው። የፔንዱለም ሰዓትን የፈለሰፈው ይህ ሰው በ1665 መጀመሪያ ታሞ ከቤት በዋለበት ጊዜ፣ በአንድ አግዳሚ እንጨት ላይ የተሰቀሉ ሁለት ሰዓቶች ፔንዱለሞቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ቢወዛወዙም ምታቸው ፈጽሞ እንደማይዛነፍ አስተዋለ። ሆን ብሎ ሲያዛባቸውም ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ተመልሰው ይስማሙ ነበር። በመጀመሪያ ምክንያቱ በመካከላቸው ያለው አየር መሰለው፤ ኋላ ግን ሰዓቶቹ የተሰቀሉበት እንጨት ለዓይን በማይታይ ንዝረት የአንዱን ምት ለሌላው እንደሚያደርስ ተረዳ። እንግዲህ ሰዓቶቹ በቀጥታ የተገናኙበት ነገር አልነበረም፤ መልእክተኛው እንጨቱ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ የኤሌክትሪክ ነው። በ1884 እንግሊዛዊው ጆን ሆፕኪንሰን፣ ሁለት የተለዋዋጭ ጅረት ጄኔሬተሮች ከአንድ መሥመር ጋር ቢያያዙ ተሳስበው በአንድ ፍጥነት ሊዞሩ እንደሚችሉ በሒሳብ አስረዳ። በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን የሚሸፍኑት የዛሬዎቹ የኃይል መረቦች የቆሙት በዚህ ጠባይ ላይ ነው። በ1975 ደግሞ ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዮሺኪ ኩራሞቶ፣ የየራሳቸው ምት ያላቸው ብዙ ነገሮች ትስስራቸው ከአንድ ወሰን ሲያንስ በየፊናቸው እንደሚሄዱ፣ ወሰኑ ሲታለፍ ግን ያለ አዛዥ መስማማት እንደሚጀምሩ የሚገልጽ ቀመር አቀረበ። ቀመሩ ሁሉን ከሁሉ ጋር የሚያገናኝ አንድ መረብ ብቻ የሚያስብ ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ በሴፕቴምበር 28 ቀን 2003 በጣሊያን የደረሰው የመብራት መጥፋት ነው። በዚያ ሌሊት ጣሊያን ከጎረቤቶቿ ብዙ ኃይል ትወስድ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ በስዊዘርላንድ በሉክማኒየር በኩል የሚያልፈው መሥመር ወደ ዛፍ ብልጭታ ለቅቆ ተቋረጠ። መልሶ ለማገናኘት የተደረገው ሙከራ በሁለቱ ጫፎች መካከል የነበረው የፌዝ ልዩነት ከመጠን በላይ ስለ ሆነ አልተሳካም። ጭነቱ የዞረበት ሌላው መሥመር ሊታገሥ የሚችለው ለ15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ከስዊዘርላንድ ወደ ሮማ ስልክ የተደወለው በ9፡11 ሲሆን፣ የተጠየቀው የ300 ሜጋ ዋት ቅነሳ የተፈጸመው በ9፡21 ነው። ይህም አልበቃም። በ9፡25 ሁለተኛው መሥመር ተቋረጠ፤ ከ12 ሴኮንድ ገደማ በኋላም የጣሊያን መረብ ከአውሮፓ ጋር የነበረውን የምት ስምምነት አጥቶ ተለየ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ቆይቶ ፍሪኩዌንሲው ከ47.5 ኸርዝ በታች ወረደ፤ ከሰርዲኒያ ደሴት በቀር መላው አገር በጨለማ ተዋጠ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስልኩ አልተቋረጠም፤ መልእክቱም ደርሷል። ነገር ግን የኃይሉ መረብ በሴኮንድ ሲወስን፣ ተቆጣጣሪዎች የሚነጋገሩበት መረብ የሚወስነው በደቂቃ ነበር።

አደጋው ለሳይንስ ሰዎች መነሻ ሆነ። በ2010 ሰርጌይ ቡልዲሬቭ፣ ሽሎሞ ሃቭሊንና ባልደረቦቻቸው ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የጣሊያንን አደጋ ምሳሌ አድርገው፣ ለየብቻቸው ጠንካራ የሆኑ መረቦች አንዱ ያለ ሌላው መሥራት የማይችል ሲሆን ድንገት አብረው ሊፈርሱ እንደሚችሉ በሒሳብ አሳዩ። ይህ ጥናት የሚመለከተው የግንኙነትን መኖርና አለመኖር እንጂ ምትን አልነበረም። በ2015 ግን ጋምቡዛ፣ ፍራስካና ጎሜዝ ጋርዴኜስ በላይኛው መረብ ያሉ አባላት በቀጥታ ሳይገናኙ፣ በታችኛው መረብ አማካይነት ብቻ እርስ በርሳቸው ሊስማሙ እንደሚችሉ፣ ይህም ላይኛውና ታችኛው በአንድ ምት ባይሄዱም እንኳ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። የሁይገንስ እንጨት ከ350 ዓመት በኋላ በመረብ ቋንቋ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ የተዘረጋውና በኖቬምበር 2022 ለሽያጭ የሚውል ኃይል ማስተላለፍ የጀመረው መሥመር 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ ሲሆን እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም የታቀደ ነው። ቀጥተኛ ጅረት ምት ስለሌለው፣ በዚህ መሥመር የሚገናኙት ሁለት መረቦች ኃይል እየተለዋወጡም የየራሳቸውን ምት ሊጠብቁ ይችላሉ። ይህ የታሰበበት መለያየት ነው። ይሁን እንጂ የኃይሉን መጠን የሚወስኑት ኮንቨርተሮች በመቆጣጠሪያና በመገናኛ ሥርዓት የሚታዘዙ ስለሆኑ፣ ከበታች ያለው መረብ ከዚህም አልቀረም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ብሂል እውነት ነው፤ ድሩ በምን ላይ እንደ ተዘረጋ መጠየቅ ግን የባለሙያው ድርሻ ነው። ስለዚህ አዲስ መሥመር ሲነደፍ የሽቦው አቅምና የጣቢያው ጉልበት በሚሰላበት ጥንቃቄ፣ ትእዛዝ በስንት ሴኮንድ እንደሚደርስና የመገናኛ መሣሪያው መብራት በጠፋ ጊዜ ኃይል ከየት እንደሚያገኝም አብሮ ሊሰላ ይገባል።