ሥራ የፈቱ ከባድ ማሽኖች የባትሪ አጠባበቅ

ኮምባይነር፣ ግሬደርና ዶዘር የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቆመው ሊያሳልፉ ይችላሉ። በሀዲያ ዞን፣ በሌሞና በአንሌሞ የስንዴ ማሳዎች የኮምባይነር ሥራ የሚደራው ከኅዳር ወዲህ ባሉት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ወደ አርሲ ወይም ወደ ባሌ ካልወሰደው ማሽኑ እስከ ቀጣዩ መኸር ግቢ ውስጥ ይቆማል። ከሀላባ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሾኔ ደግሞ የአፈር መንገድ ሥራን የሚያጓትተው የክረምቱ ዝናብ ነው። በእንዲህ ያለው ዕረፍት ቀድመው ከሚጎዱት አንዱ ባትሪው ነው።

የእነዚህ ማሽኖች ባትሪ በአብዛኛው ከእርሳስና ከሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራው ዓይነት ሲሆን፣ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ፈረንሳዊው ጋስተን ፕላንቴ ነው። ይህ ባትሪ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ ቢቀመጥም በውስጡ በሚካሄደው ኬሚካላዊ ለውጥ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ሙቀት ያፋጥነዋል፤ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ የመውረዱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከሆሳዕና ዝቅ ብላ በምትገኘው ሾኔ ፀሐይ ላይ የሚውል ባትሪ ደጋ ላይ ጥላ ካገኘው ቀድሞ ይደክማል።

ሌላው ብክነት ከማሽኑ ይመጣል። ቁልፉ ተነቅሎም ሰዓቱ፣ የጂፒኤስ መከታተያውና የሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ መሳባቸውን አይተዉም። 50 ሚሊአምፔር ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። በ24 ሰዓት ግን 1.2፣ በ30 ቀን 36፣ በ3 ወር 108 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ 150 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛ በላዩን በዚህ ብቻ ያጣል። ባትሪው ላይ የተጋገረ እርጥብ ጭቃም በሁለቱ ፖሎች መካከል መጠነኛ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ሞተሩ አልነሳ ማለቱ የጉዳቱ ትንሹ ክፍል ነው። ባትሪ ወርዶ ሲቆይ በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የተፈጠረው ሰልፌት እየጠጠረ ይሄዳል፤ ከጠጠረ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም የቀድሞ አቅሙ አይመለስም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ካረፈ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.4 ሲደርስ ሩብ ያህሉ ጎድሏልና የመሙያው ጊዜ ያኔ ነው።

መከላከያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ባትሪው በቻርጀር ይሞላል፣ ፖሎቹ ይጸዳሉ፣ የጎደለው በተጣራ የባትሪ ውሃ ይስተካከላል፤ ከዚያም የኔጌቲቩ ገመድ ይፈታል፣ ወይም ማቋረጫ ማብሪያ ካለው ይጠፋል። ሲፈታ ኔጌቲቩ የሚቀድመው፣ ሲታሰር ደግሞ የሚከተለው መፍቻው የማሽኑን አካል ቢነካ ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው። ገመዱን መፍታት ባትሪው በራሱ መውረዱን ስለማያስቀር በየወሩ ቮልቴጁን መለካት ያስፈልጋል። መብራት በሌለበት ማሳ ዳር መቆጣጠሪያ የተገጠመለት አነስተኛ የፀሐይ ፓኔል የጎደለውን ይተካል።

ማሽኑን በየሳምንቱ ለ5 ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት የተለመደ ቢሆንም አይመከርም። በላይኛው ስሌት የአንድ ሳምንት ጉድለት ብቻ 8.4 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሞተሪኖው ለማስነሳት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። በዝቅተኛ ዙር ለደቂቃዎች የዞረ ዲናሞ ይህን ሁሉ አይመልስም። ሞተሩም በቂ ሙቀት ሳያገኝ ስለሚጠፋ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል።

ብዙዎቹ ከባድ ማሽኖች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዘው በ24 ቮልት ይሠራሉ። እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ልማድ ለሬዲዮ ወይም ለስልክ ቻርጀር ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መውሰድ ነው። የመሙያው ኤሌክትሪክ በሁለቱም በእኩል ስለሚያልፍ የተሳበበት ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይሆናል፣ ጓደኛው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያረጃሉ። መፍትሔው ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀይር መሣሪያ መግጠም ነው።

ባትሪው ሞቶ ከሌላ ማሽን በገመድ ማስነሳት ግድ ከሆነ የሁለቱ ቮልቴጅ አንድ መሆን አለበት። የመጨረሻው የኔጌቲቭ ገመድ የሚታሰረውም ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም በሌለው የማሽኑ ብረት ላይ ነው፤ ባትሪ ሲሞላ የሚያመነጨው ሃይድሮጂን በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።